የጠወለገ ሁሉ አልጠማውም

የምሠራው ደጋ ውስጥ ባለ ችግኝ ጣቢያ ነው። የምናፈላው ባህር ዛፍ በአብዛኛው ነጩ ነው። ጥር ላይ ከመደብ እያነሳን ወደ ፕላስቲክ ፖት እናዛውረዋለን፤ ክረምቱ ሲገባ ለተከላ ይወጣል። በመሃል ያሉት ወራት ፀሐይ ናቸው። ሥራችን ያኔ ውሃ ነው፣ ሌላ ነገር የለም።

አንድ ዓመት የካቲት ላይ ፖት የተደረደረበት አንድ መደብ ሙሉ ከሰዓት በኋላ አንገቱን ደፋ። የነጭ ባህር ዛፍ ችግኝ ቅጠሉ እንደ ትልቁ ዛፍ ረጅምና ቆልማማ አይደለም። ሰፋ ብሎ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱ ላይ ይለጠፋል። መልኩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርማ ነው። ግንዱን በጣት ብትዳስሱት አራት ማዕዘን ነው። ደህና የሆነ ችግኝ ከሩቅ ያስታውቃል። ያን ቀን ግን ጫፉ ሁሉ ተንጠልጥሏል።

ኃላፊያችን መጥተው አዩና "ውሃ ጨምሩለት እንጂ! ባህር ዛፍ ውሃ ጠጪ አይደል እንዴ?" አሉ። ይህን የማይል ሰው የለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ፣ ዛሬ ምንጭ አደረቀ ተብሎ ይከሰሳል። ክሱ ግን ያደገውን ዛፍ ነው የሚመለከተው። ሥሩን ርቆ የሚሰድ ዛፍና ጭብጥ አፈር ላይ የቆመ ችግኝ በምን ይገናኛሉ?

ውሃ የሚያጠጣው አዲስ ገቢ ልጅ የውሃ ጎማውን ጎትቶ አጠጣ። በማግስቱም ደገመው። ጭራሽ ባሰበት።

ዕድሜያቸውን ችግኝ በማፍላት ያሳለፉ እናት አብረውን ይሠራሉ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ሲያዩ ቆዩና "ና እስቲ ልጄ፣ ያንን ጎማ አስቀምጠው" አሉት። ከመደቡ መሃል አንድ ፖት፣ ከዳር ደግሞ አንድ ፖት አስነሱት። በሁለት እጁ ይዞ መዘናቸው። ቅጠላቸው እኩል ጠውልጓል። የመሃሉ ግን ከባድ ነው፤ የዳሩ ምንም አይመዝንም።

እማማ ፕላስቲኩን በምላጭ ሰነጠቁት። የመሃሉ አፈር ጭቃ ሆኗል። ታች ያለው ሥር ጠቁሯል። ጎተት ሲያደርጉት ላዩ ተገፎ ቀጭኑ ውስጡ ብቻ እጃቸው ላይ ቀረ። ሽታው የረጋ ውሃ ሽታ ነው። የዳሩን ሲከፍቱት ደግሞ ላዩ ርሷል፤ ከጣት ዝቅ ብሎ ያለው አፈር ግን እፍ ቢሉት ይቦንናል።

"ይሄኛው ውሃ በልቶታል፤ ያኛው ውሃ ጠምቶታል" አሉ።

"እኔ እኮ ሁሉንም እኩል ነው ያጠጣሁት እማማ" አለ ልጁ ደንግጦ።

"እሱ ነዋ ልጄ። እኩል ማጠጣትህ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚያ ፖቶች ሲሞሉ አሸዋ አልቆ ስለነበር አፈራቸው መረሬ፣ ማለትም ውሃ የሚይዝ ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ይበዛዋል። መሃል ላይ ያሉት ደግሞ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ነፋስ አያገኛቸውም። ውሃው አይወርድም፣ አይተንም። አፈር ውስጥ አየር ካለቀ ሥር ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ቅጠሉ ውሃ ላይ ቆሞ ይጠወልጋል። አየነውና ጨመርንለት፤ ሥሩ በሰበሰ።

የዳሩ ሌላ ነው። ፀሐይ ፕላስቲኩን ከጎን ትመታዋለች። አፈሩ ሲደርቅ ይኮማተርና ከፕላስቲኩ ይላቀቃል። የምታፈሱት ውሃ በዚያች ክፍተት ሾልኮ በታችኛው ቀዳዳ ይወጣል። ያጠጣው ሰው ከታች ሲፈስ ያይና ጠጣ ብሎ ያልፋል። የጎማው ግፊት ደግሞ አፈሩን ጠርጎ የግንዱን እግር ያራቁተዋል።

ልጁን ማንም "ፖቱን አንስተህ እየው" ብሎት አያውቅም። እኔን የሚያናድደኝ ውሃ ማጠጣት ሁልጊዜ ለአዲስ ገቢ የሚጣል ሥራ መሆኑ ነው። ጎማ ይዞ መቆም ምን ዕውቀት ይፈልጋል ይባላል። እኔ ግን ጣቢያው ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ዓይን የሚፈልግ ሥራ አላውቅም። አሁን ውሃውን የሚመሩት እማማ ናቸው፤ ልጁም ከእሳቸው ጋር ነው።

የመሃሎቹን ውሃ አቆምንባቸው፤ አራርቀን ደረደርናቸው፤ የተደፈነውን ቀዳዳ በሚስማር ከፈትን። የተረፈው ተረፈ፤ ሥሩ ያለቀውን ጣልነው። ለዳሮቹ እማማ ወንፊት ባለው ማጠጫ ትንሽ አርከፍክፈው ያልፋሉ፤ ሌላውን መደብ አጠጥተው ይመለሱና ይደግማሉ። የመጀመሪያው አፈሩን ያለሰልሰዋል፤ ሁለተኛው ይገባል። የመደቡንም ዙሪያ አፈር አስጠጋንለት፣ ፀሐይ ጎኑን እንዳታገኘው። ጎማው በርሜል መሙያ ሆነ። አሸዋ ከሌለም ፖት አይሞላም፤ መረሬ ከሆነማ አሸዋው በዛ ይላል።

አዲስ የተዛወረ ችግኝ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥቂት ይፈልጋል። ሥር ሲይዝ ማለዳ አንዴ፣ ያውም ፖቱ ሲቀልል ይበቃዋል፤ ሲጠጣ ግን እስከ ታች ይጠጣ። በረንዳ ላይ በማሰሮ የተከላችሁም ከሥሩ ሰሃን ካስቀመጣችሁ የተጠራቀመውን ውሃ ድፉት።

ግንቦት ላይ ከመደቡ በላይ የሠራነውን የፀሐይ መከለያ ጥላ እናነሳለን፤ ውሃውንም እያራራቅን እንቀንሳለን። ግንዱ የሚጠነክረው፣ ተራራ ላይ የሚጠብቀውን የሚለምደው ያኔ ነው። መኪና ላይ ሊጫን ሲል ግን ዋዜማውን ጠግቦ ይጠጣል። ደርቆ የተጫነ ፖት መንገድ ላይ አፈሩ ይፈርስና ችግኙ ባዶ ሥሩን ይደርሳል።