የሄድፎን ፍለጋ ቅዳሜ

ዛሬ ግማሽ ቀን ሄድፎን ስፈልግ ነው የዋልኩት በሉኝ። ባለፈው ከአዲስ አበባ ስመጣ አባይ በረሃ ላይ አሮጌው ሄድፎኔ መታጠፊያው ጋ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ ከዛ እስከ ባህርዳር የአውቶቡሱን ድራማ በግዴ ሰማሁ 😅

ግሽ አባይ ሰፈር አንድ ሱቅ ገባሁ፣ ልጁ "ጋሼ ይሄ ቤዙ ምድር ያናውጣል" ብሎ ጎማ የሚያክል ነገር ዘረጋልኝ። ወንድሜ እኔ ምድር ላናውጥ አልመጣሁም! መነፅር ነው የማደርገው፣ ስፖንጁ መነፅሩን ከጆሮዬ ጋር ሲያጣብቀው ራሴን ያመኛል። ስለዚህ አንዱን አድርጌ 20 ደቂቃ እዛው ቆምኩ፣ ልጁ "አይገዛም" ብሎ ተስፋ ቆርጦ ሻዩን ይጠጣል።

ጓደኛዬ ኮስ ፖርታ ፕሮ ካልሆነ አትግዛ ይለኛል፣ በፈረንጆቹ 1984 የወጣ ሆኖ እስከዛሬ የሚሸጥ ታጣፊ ነው፣ ላባ ነው ቀላልነቱ። ግን ክፍት ስለሆነ ያንተ ዘፈን አጠገብህ ላለው ይሰማል፣ የባጃጁም ጥሩምባ ወዳንተ ይገባል፣ ጣና ዳር ለወክ አሪፍ ነው ለአውቶቡስ ግን እንጃ። እኔ ዝግ የሆነውን፣ ባለገመዱን፣ መታጠፊያው ውስጥ ብረት ያለውን መረጥኩ፣ ቻርጅ አለቀ የለ ምን የለ። አጥፌ ዘርግቼ አጥፌ አየሁት፣ አይንቋቋም። ዋጋው ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን።

ማታ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ሞከርኩት፣ ከዘጌ የሚመለሰው ጀልባ ሞተር ራቅ ብሎ ነው የሚሰማው፣ ጆሮዬንም አላላበኝም። ችግሩ ቤት ስገባ ነው፣ ትንሹ ልጄ "አባዬ ይታጠፋል?" እያለ ሃያ ጊዜ አጣጠፈው፣ አሁን ቁምሳጥን ላይ ደብቄዋለሁ 🙈