ቀዝቃዛው እየጎረፈ ሙቁ ክር ሲያክል

ቦይለር ውሃ ያሞቃል እንጂ አይገፋም። ሙቁን ወደ ሻወር የሚያወጣው ከሥር የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ካልገባ 1 ሊትር ሙቅ አይወጣም። ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ቢቃጠል ውሃው ይቀዘቅዛል እንጂ አይቀጥንም፣ ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው) ቢበላሽም እንዲሁ። ስለዚህ ሙቁ ቀጠነ ብሎ ቦይለር መቀየር ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው። የሚፈለገው የውሃውን መንገድ የዘጋው ነገር ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከጥፍር አይበልጥም።

መጀመሪያ ለኩ። የእጅ ሻወሩን ጭንቅላት ፍቱና ከጎማው ጫፍ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ሙሉ፤ አንዴ በቀዝቃዛ ብቻ፣ አንዴ በሙቅ ብቻ፣ በስልክ ሰዓት እየያዛችሁ። በ10 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 6 ሊትር ማለት ነው፣ ለሻወር ይበቃል። ጭንቅላቱ ሲፈታ ውሃው ከተስተካከለ ነገሩ አለቀ፤ ጭንቅላቱን አቼቶ ውስጥ አሳድራችሁ ቀዳዳዎቹን በጥርስ ብሩሽ አጽዱ። ቀዝቃዛው 8 ሰከንድ፣ ሙቁ 30 ሰከንድ ከፈጀ ችግሩ ሙቁ መስመር ላይ ነው። ሁለቱም 30 ከሆኑ ግን ቦይለሩን አትንኩት።

ሁለቱም ከደከሙ ወደ ሮቶው እንውጣ። በከፍታ ብቻ የሚወርድ ውሃ በ1 ሜትር 0.1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከሻወሩ ጭንቅላት 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ያላችሁ 0.3 ባር ነው፤ ብዙ ዘመናዊ ሚክሰር (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ቧንቧ) ደግሞ ወደ 1 ባር ታስቦ የተሠራ ነው። የሮቶውን መቆሚያ በ1 ሜትር ማሳደግ የሚጨምረው 0.1 ባር ስለሆነ ብረቱና ብየዳው አያዋጣም፣ ፓምፕ ይሻላል። ፓምፕ ሲገጠም ግን የሚሠራ ስህተት አለ፦ ቀዝቃዛው መስመር በፓምፕ፣ ቦይለሩ በሮቶው ከፍታ ብቻ ይመገባል። ያኔ ሚክሰሩ ውስጥ ቀዝቃዛው ሙቁን ያሸንፈዋል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሁለቱም ከፓምፑ በኋላ ከአንድ መስመር መቀጠል አለባቸው።

አሁን ሙቁ ብቻ ወደቀጠነበት ቤት እንመለስ። የላቫንዲኖውን ሙቅ ክፈቱ። እዚያ ጥሩ ከሆነ ጥፋተኛው የሻወሩ ሚክሰር ነው። የውሃ መግቢያውን ዝጉ፣ ሚክሰሩን ከግድግዳ የያዙትን ሁለት ትልልቅ ዳዶዎች በእንግሊዝ መፍቻ ፍቱ (ኒኬሉ እንዳይፋቅ ጨርቅ ጣል አድርጉበት)፤ ሙቁ እንደ ልማዱ በግራ ነው። ብዙ ጊዜ የጎማ ቀለበቱ ላይ ትንሽ ወንፊት አለ። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ የሚያመጣው ዝገትና አሸዋ፣ የቴፍሎንና የቃጫ ቁራጭ የሚከማቸው እዚያ ነው። ወንፊቱን አጥባችሁ መልሱት እንጂ አትጣሉት፤ እሱ ከሌለ አሸዋው ካርትሪጁ (እጀታው ሥር ያለው፣ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ውስጥ ገብቶ የሴራሚክ ሳህኖቹን ይቧጥጣል፣ ከዚያ ሚክሰሩ ቢዘጋም ያንጠባጥባል። ወንፊቱ ንጹህ ከሆነ ካርትሪጁን አውጡ። ወደ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፦ 35 ሚሊሜትርና 40 ሚሊሜትር በዓይን ይመሳሰላሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይገባም።

ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ከፍታችሁ እስኪጠራ አፍስሱት። ሻወር ላይ መጀመር ደለሉን በገዛ እጅ ወደ ሚክሰሩ መጋበዝ ነው።

ሙቁ በሁሉም ቦታ ከቀጠነ መስመሩን ቦይለሩ ላይ ለሁለት ከፍሎ መፈተሽ ነው። ብሬከሩን አውርዱ፣ ውሃው እስኪበርድ ጠብቁ፣ የቦይለሩን መግቢያ ዝጉ፣ የሙቅ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አስተንፍሱ። ከዚያ ቀይ ምልክት ካለበት መውጫ ላይ ፍሌክሲብሉን (ተጣጣፊውን ማገናኛ ቱቦ) ፈትታችሁ ባልዲ ያዙና መግቢያውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ከቦይለሩ ጥሩ ከወጣ እንቅፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ፍሌክሲብሉን ራሱን በአፍ ንፉበት። የውስጥ ጎማው በሙቀት አብጦ ቀዳዳውን ሊያጠብ ይችላል፣ ከውጭ ሲታይ ግን አዲስ ይመስላል።

ከቦይለሩም ቀጥኖ ከወጣ ወደ ሰማያዊው መግቢያ ሂዱ። እዚያ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ ውስጥ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል በስፕሪንግ የተያዘ ክዳን አለ። ጠጠር ወይም ኖራ ሲይዘው በግማሽ ብቻ ይከፈታል፤ በሮቶ ከፍታ ብቻ በሚሠራ ቤት ደግሞ ስፕሪንጉ ራሱ ካለው ጥቂት ግፊት ላይ ይቀንሳል። ቫልቩ አዲስ ቢገዛ ከቦይለር ጋር የሚወዳደር ዋጋ የለውም። አውልቆ በባዶ ማያያዣ መተካት ግን አደገኛ ነው። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 1.2 ሊትር ያህል ይሰፋል፣ የሚተነፍሰውም በዚያ ቫልቭ ነው። ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ ሥራው ነውና ቀዳዳውን አትድፈኑ። ቫልቩ ከሌለ መስመሩ ሲደርቅ ቦይለሩም ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላል፤ ሬዚስታንሱ ያለ ውሃ ከበራ ወዲያው ይቃጠላል።

ከቫልቩ በፊት ያለውን ሳራቺኔስካም (እጀታው ሲዞር ውስጡ ያለው በር ወርዶ ውሃውን የሚዘጋውን መዝጊያ) ጠርጥሩ። በአሮጌዎቹ ውስጥ በሩ ከዘንጉ ተላቅቆ ይወድቃል፤ እጀታው እየዞረ "ተከፍቷል" ትላላችሁ፣ በሩ ግን ከታች ተቀምጧል።

ቦይለሩ ውስጥ ያለው ኖራ የራሱ ታሪክ አለው። ውሃ በሞቀ ቁጥር ካልሲየሙ እየተለየ ይቀመጣል፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ደግሞ ይፈጥናል። ቴርሞስታቱን 55 እና 60 መካከል ማድረግ ኖራውንም የመብራቱንም ሒሳብ ይቀንሳል። ደለሉን ለማውጣት ብሬከሩ እንደወረደ፣ መግቢያው እንደተዘጋ፣ የሙቅ ቧንቧ አየር እንዲገባ ክፍት ሆኖ የሴፍቲ ቫልቩን ምላስ አንሱ። ስትሞሉት የሙቁ ቧንቧ መትፋቱን ትቶ ወጥ ሆኖ እስኪወርድ ብሬከሩን አታንሱ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሙቁ አሁንም ከቀጠነ የቀረው ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ነው። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ከሆነ በሙቁ በኩል ቀድሞ ይዝጋል፣ ውስጡም እየጠበበ ይሄዳል፤ እሱን ማጽዳት አይቻልም። ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ከሆነና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደካማ ከነበረ ብየዳውን ጠርጥሩ። ባለ 20 ሚሊሜትሩ ወፍራም ፒፒአር የውስጥ ስፋቱ 13.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በ260 ዲግሪ 5 ሰከንድ ማሞቅ ሲበቃው ሠራተኛው 10 ሰከንድ ይዞት በኃይል ከገፋው የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀለበት ይሠራል፣ በየክርኑ አንድ ቀለበት። አዲስ መስመር ከተዘረጋ ዋናው በ25 ይሁን፣ 20ው ወደ ሻወሩና ወደ ላቫንዲኖው ለሚገቡት አጫጭር ቅርንጫፎች ብቻ ይቅር።