ቢራ በፍሬንች ፕሬስ፦ ሱሉልታ ላይ ሞክሬ ያወቅኩት

መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ግማሽ ጠርሙስ ቢራ ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ። ፍሬንች ፕሬስ ማለት ወንፊት ያለው መጫኛ የተገጠመለት የመስታወት ቡና ማፍያ ነው፤ የእኔዋ ትንሿ ነበረች፣ 350 ሚሊ ሊትር የምትይዘው። የቢራው ጠርሙስ 330 ነው። ሲያዩት ልክክ የሚል ይመስላል። ከታች የተፈጨ ቡና አደረግኩና ቢራውን እንደ ውሃ ገለበጥኩበት። አረፋው ባንዴ ተነስቶ በአፏ ወጣ፣ የጠረጴዛ ልብሱን አራሰው፣ ወለሉ ድረስ ወረደ። ብርጭቆዬ ውስጥ የቀረው ጋዙ የወጣለት፣ አተላ የበዛበት ነገር ነበር። ጠጣሁት። ከዚያ ሁሉ አተላ ስር ግን አንድ በጣም ደስ የሚል ሽታ ነበር፣ ልክ ቡና ሲቆላ ከጓዳ የሚመጣው ዓይነት። ያ ሽታ ነው እስከ ዛሬ ያስቀጠለኝ።

ሐሳቡን እኔ አላመጣሁትም። አሜሪካ ደላዌር ውስጥ ያለው ዶግፊሽ ሄድ የሚባለው ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ2002 ራንዳል ብሎ የሰየመው ዕቃ ሠርቶ ነበር። ድራፍቱ ወደ ብርጭቆ ከመቀዳቱ በፊት ሆፕ (ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው አበባ) በታጨቀበት ዕቃ ውስጥ ያልፍና ሽታውን ይዞ ይወጣል። ቤታችን በርሜልም የድራፍት ቧንቧም የለም። ፍሬንች ፕሬስ ግን ያንን ሥራ በትንሹ ይሠራል፦ ቃና የሚሰጠውን ነገር ከቢራው ጋር ያገናኛል፣ ደግሞ በፈለጋችሁት ደቂቃ ይለያያቸዋል። ሁለተኛው ነው ትልቁ ነገር። ጠርሙስ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ ብትከቱ ማውጣት አትችሉም። እዚህ ግን በየደቂቃው በማንኪያ እየቀመሳችሁ፣ ደረሰ ስትሉ መጫኛውን ወደ ታች ትገፉታላችሁ፣ አለቀ።

አሁን ስለ አረፋው። ይሄን ለመረዳት አራት አምስት ጠርሙስ አባክኛለሁ። ያገኘሁት መመሪያ ሁሉ ፕሬሱን እስከ ሁለት ሦስተኛው ሙሉት ይላል፣ እኔ እንደዚያ ሳደርግ ሁልጊዜ ይፈስብኛል። በኋላ ነው የገባኝ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። እንጦጦን አልፋችሁ ስትወርዱ ጆሯችሁ የሚደፈነው ለዚህ ነው፣ ሯጮች ልምምድ ለመሥራት የሚመጡትም ለዚሁ አየር ነው። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ቢሆን ነው። ቢራ ውስጥ ያለውን ጋዝ ተጭኖ የሚይዘው ይሄ ግፊት ስለሆነ፣ እዚህ ጠርሙሱ እንደተከፈተ ጋዙ ለመውጣት ይቸኩላል። ቡናው ወይም ቅመሙ ደግሞ ሸካራ ነው፣ እያንዳንዷ ፍርፋሪ አረፋ ታስነሳለች። ስለዚህ አንድ ሊትር የሚይዝ ፕሬስ ገዛሁና አንድ ጠርሙስ ብቻ እቀዳበታለሁ። ሁለት ሦስተኛው ባዶ ነው። ባዶ መሆኑ ይቆጫል፣ ግን ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልፈሰሰብኝም።

ሌላው ቅዝቃዜ ነው። ቀዝቃዛ ቢራ ጋዙን አጥብቆ ይይዛል። ቢራው ቀዝቅዞ ፕሬሱ ሞቅ ያለ ከሆነ ግን ትርፉ ድካም ነው፣ ሁለቱም መቀዝቀዝ አለባቸው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ አያስፈልገኝም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የእኛን ሰፈር ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጠርሙሱንና ፕሬሱን በረንዳ ላይ አሳድሬ ጠዋት ወደ ውስጥ አስገባቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ገና ያልበረደ ፕሬስ ውስጥ ቀዝቃዛ ቢራ እንዳትጨምሩ። የእኔ ሁለተኛዋ ፕሬስ ከአንገቷ እስከ ታች የተሰነጠቀችው እንደዚያ ነው። ወንፊቱንም ፈታታችሁ እጠቡት። የቡና ዘይት ተደብቆበት ይቀራል፣ ዘይት ደግሞ የቢራን አረፋ ይገድላል። የሳሙና ትራፊም እንደዚያው ነው፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁት።

ወደ ቃናው ልምጣ። የጀመርኩት በቡና ነው፣ እስካሁንም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ቡናው ለጀበና እንደሚሆነው መድቀቅ የለበትም። የደቀቀው በወንፊቱ ያልፋል፣ ብርጭቆው አተላ ይሆናል። በሙቀጫ ገርደፍ አድርጌ ብቻ ነው የምወቅጠው፣ እያንዳንዱ ፍሬ አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ በቂ ነው። ለአንድ ጠርሙስ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ አራት ደቂቃ፣ ጠቆር ያለ ቢራ ከተገኘ ደግሞ የበለጠ ያምርበታል። ያልጠበቅኩት ነገር የቡናው ትኩስነት ነው። እኛ ቤት ቡና ተቆልቶ እዚያው ይጠጣል፣ ትኩስ ከሆነ ይሻላል ብዬ ከምጣዱ እንደወረደ ሞከርኩት። አዲስ የተቆላ ቡና ራሱ ጋዝ ይተፋል! አረፋው ሊቆም አልቻለም። አሁን ከተቆላ ሁለት ወይ ሦስት ቀን ያደረውን ነው የምጠቀመው።

የብርቱካን ልጣጭ ቀላል ነው፣ ለመጀመር እሱን እመክራለሁ። የላይኛውን ቀለም ያለውን ብቻ በስሱ ላጡት፣ ነጩ ይመራል። ሦስት ቁራጭ፣ አምስት ደቂቃ። ኮረሪማ ሲሆን ቅርፊቱን ጥላችሁ ስድስት ሰባት ፍሬ ሰንጠቅ አድርጉ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ቢራው ወጥ ወጥ ይላል። ጤና አዳም አንዲት ትንሽ ዘለላ፣ ለሁለት ደቂቃ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መድኃኒት ይሆናል፣ እውነቴን ነው፣ የአንዲት ደቂቃ ልዩነት ናት። ቡናውንና ጤና አዳሙን አብሬ ስሞክረው ደግሞ የስኒ ቡና ቃና ቢራ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፣ ያን ቀን ለወንድሜ ደውዬ ነው የነገርኩት። ማር አልተሳካልኝም። ቀዝቃዛ ቢራ ማር አያሟሟም፣ ታች ተለጥፎ ይቀራል። ቀረፋውም በአምስት ደቂቃ ምንም አልሰጠኝም።

ከሁሉም ያስተማረኝ ግን ጌሾው ነው። ጌሾ ለጠላና ለጠጅ ያው ሆፕ ለቢራ እንደሆነው ነው ብዬ አስቤ፣ እንግዲህ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ብዬ፣ ከእናቴ ጓዳ አንድ ጭብጥ የደረቀ ቅጠል ወሰድኩ። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ሣር ሣር አለ። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ። የበለጠ ሣር። ያ የምናውቀው የጠላ ምሬት የለም። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆይታ፣

«ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ።

«ጌሾው እምቢ አለ።»

«በደቂቃ ምን እንዲሰጥህ ፈለግህ? ጌሾ እኮ ቀን ነው የሚፈልገው፣ ልጄ። እኔ ስጠነስስ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ እያየህ አድገህ!»

ልክ ነበረች። ጥንስሱ ውስጥ ጌሾው ከውሃው ጋር ቀናት ያድራል፣ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ስለ ሆፕ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው ቦታው የገባው። የቢራ ምሬት የሚመጣው ሆፑ ሲጠመቅ አንድ ሰዓት ገደማ ሲፈላ ነው፤ መጨረሻ ላይ ወይም ከበረደ በኋላ የሚጨመረው ሆፕ ግን የሚሰጠው ሽታውን ነው። ፍሬንች ፕሬስና ቀዝቃዛ ቢራ ምሬት አያወጡም፣ የሥር ወይም የእንጨት ቃና አያወጡም። የሚያወጡት ሽታን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ከመሞከሬ በፊት በጣቴ አሸት አድርጌ አሸተዋለሁ። ወዲያው አፍንጫዬን ካልሞላው ፕሬስ ውስጥ አይገባም። ከዚያ ወዲህ ያባከንኩት ቢራ በጣም ጥቂት ነው።

የዚያኑ ቀን ማታ እናቴ «ጠላ ጠላ እንዲል ከፈለግህ አሻሮውን ውሰድ» አለችኝ። ጠቆር ብሎ የተቆላ ገብስ ነው። አሸተትኩት፣ አፍንጫ ይሞላል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገርደፍ አድርጌ ወቀጥኩና ስምንት ደቂቃ አቆየሁት። የዳቦ ቅርፊት የሚመስል ቃና ሰጠኝ፣ በጣም ጥሩ። አቀመስኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ጢሱ የለም» አለች።

ጋኗን ሁልጊዜ በወይራ ታጥናለች፣ ያለ ወይራ ጠላ ጠላ አይመስላትም። ተነስታ ፕሬሷን ከእጄ ወሰደችና አጥባ በንጹሕ ጨርቅ ወለወለቻት። ከሰል ላይ ትንሽ የወይራ ስንጥር አድርጋ፣ መስታወቷን ከእሳቱ ራቅ አድርጋ በጢሱ ላይ ደፍታ ያዘቻት። ውስጧ ነጭ እስኪሆን አቆየችውና አንስታ አፏን በእፍያ ከደነችው። እስክትበርድ በረንዳ ላይ አስቀመጥናት፣ ሩብ ሰዓት ያህል። ከዚያ አሻሮው፣ ከዚያ ቢራው በጎን በኩል ቀስ ብሎ።

ስድስት ደቂቃ ላይ ቀመስነው፣ ገና ነው አለች። ስምንት ላይ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ እኔም መጫኛውን ቀስ አድርጌ ገፋሁት። ብርጭቆዋን ጨርሳ የሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲደገም አዘዘች፣ ወይራውን ራሷ እንደምታመጣ ነግራኛለች።