ማስቲካ ለ666

ዛሬ ሱፐርማርኬት ከፊቴ የተሰለፉ አንዲት እናት ሒሳባቸው 666 ብር መጣ። ካሸሯ ቁጥሩን ጠርታ ሳትጨርስ አማተቡ። "አይ ልጄ፣ የሆነ ነገር ጨምሪበት!" ማስቲካ ተጨመረ። 676። እፎይ ብለው ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር ፈቱ።

ሳቄ መጣ። (እውነቱን ለመናገር እኔም 666 ያለበት ታርጋ ቢደርሰኝ ቅር ይለኛል።)

ቤት ገብቼ 666ን የአውሬው ቁጥር የሚለውን የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13ን ገለጥኩ። ዮሐንስ ቁጥሩን ሽሹት አይልም፤ አእምሮ ያለው ይቁጠረው ነው የሚለው። ለካ በዚያ ዘመን ፊደል እንደ ቁጥርም ያገለግል ነበር፤ ስም ይደመራል። "ኔሮን ቄሳር" በዕብራይስጥ ፊደል ሲጻፍ 666 ይመጣል፤ ክርስቲያኖችን ያሳደደው የሮም ንጉሥ። አንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች ደግሞ 616 ይላሉ። ከ"ኔሮን" መጨረሻ "ን" ስትወድቅ 50 ይቀነሳል፤ ልክ 616! ብዙ ሊቃውንት ቁጥሩን በዚህ መንገድ ይፈቱታል።

እኔን ግን ቆም ያደረገኝ ምዕራፍ 5 ነው። ዮሐንስ "የይሁዳ አንበሳ ድል ነሥቷል" ሲባል ይሰማል። ዞር ሲል የሚያየው ግን በግ ነው። ያውም የታረደ የሚመስል፣ ሰባት ቀንድና ሰባት ዓይን ያለው። ጆሮው አንበሳ ሰማ፣ ዓይኑ በግ አየ። ታክሲ ውስጥ ስለ አውሬው ስንት ክርክር ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ በግ ግን አንድም ቀን።

እኚያ እናት ሲወጡ ማስቲካዋን ለእኔ ሰጡኝ። "እንካ ልጄ፣ እኔ ጥርስም የለኝ።"