ለተማሪ ቦርድ እግሩ በቀዳዳ የሚያልፍ ቺፕ ይሻላል
ደብረ ብርሃን ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ለሚማሩ ወጣቶች የኃይል አቅርቦት ሰርኪዩት ስናዘጋጅ፣ በቦርዱ ገጽ ላይ የሚለጠፉትን ጥቃቅን የቮልቴጅ መቀየሪያ ቺፖች እግራቸው በቀዳዳ አልፎ በሚበየድ ቺፖች ብንተካቸው እንደሚሻል አምናለሁ። የተለጣፊው ቺፕ እግሮች ብዙውን ጊዜ በ1.27 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ስለሚደረደሩ፣ ተራ መበየጃ የያዘ ጀማሪ ሁለቱን እግሮች በአንድ የብየዳ ሊድ ጠብታ ሊያገናኛቸው ይችላል። ኤምሲ34063 የተባለው የቮልቴጅ መቀየሪያ ቺፕ ግን እግሮቹ በ2.54 ሚሊሜትር ርቀት በተደረደሩበት ዓይነትም ስለሚገኝ በቺፕ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ሲቃጠልም ያለ ብየዳ ተነቅሎ ይቀየራል፤ ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ጥቅም አላውቅም።

ቮልቴጅን ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው 7805 የተባለው ቺፕ ከሁሉም ይቀላል፤ ነገር ግን 12 ቮልትን በግማሽ አምፔር ወደ 5 ቮልት ሲያወርድ 3.5 ዋት በሙቀት ስለሚያባክን፣ በባትሪ ለሚሠራ ዕቃ አልመርጠውም።

እስከ 3 አምፔር የሚሰጠው ኤልኤም2596 የተባለው መቀየሪያ ቺፕ ባለ አምስት እግር ሆኖ ይመረታል፤ እግሮቹ ከተለመደው ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ጋር በቀጥታ ስለማይገጥሙ በጥንቃቄ መታጠፍ አለባቸው። በ150 ኪሎኸርትዝ (በሰከንድ 150 ሺህ ጊዜ) ስለሚበራና ስለሚጠፋም፣ የመግቢያው ካፓሲተርና ዳዮዱ ከቺፑ አጠገብ፣ በአጭር ሽቦ ይበየዱ፤ ረጅም ሽቦ የሚወጣውን ቮልቴጅ ያናውጠዋል።