ፈተናውን ያለፈ ቺፕ ለምን ጣልኩ?

ሥራዬ ቺፕ መፈተሽ ነው። ፋብሪካው ዌፈሩን (ብዙ ቺፖች አብረው የሚሠሩበትን ክብ የሲሊኮን ሳህን) ጨርሶ ይልካል፣ እኛ እያንዳንዱን ቺፕ በመርፌ ነክተን ኤሌክትሪክ እንለቅበታለን። ያለፈው ወደ ማሸጊያ ይሄዳል፣ የወደቀው ይጣላል። ከዌፈሩ ስንት ፐርሰንቱ ደህና ወጣ የሚለው ቁጥር ስብሰባ ላይ ይቀርባል። ሲወርድ ስልኩ አያርፍም፣ ሲወጣ ማንም አይደውልም።

አንድ ዌፈር መጣ፤ ጠርዙ ላይ የወደቁት ቺፖች የፈተናው ውጤት ካርታ ላይ ተሰባስበው ቀይ ሆነዋል። መሃላቸው አንድ አረንጓዴ አለ። ስምንቱም ጎረቤቶቹ ወድቀው እሱ ብቻ አልፏል። የምርት ክፍሉ ሰዎች «አለፈ አይደል እንዴ፣ ሌላ ምን ፈለግክ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልፏል። ፈተናው ግን የሚነግረን የዛሬውን ብቻ ነው፤ ጎረቤቶቹን የጣለው ብናኝ ወይም የሳሳ ኦክሳይድ (ቺፑ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክል ስስ ሽፋን) እሱንም ነክቶት፣ ደንበኛው እጅ ከገባ በኋላ ሊጥለው ይችላል።

በክርክር ስለማይፈታ እንዲህ አደረግኩ። እንዲህ ዓይነቶቹን አረንጓዴዎች ለብቻቸው አሳሸግኩ፣ ከዌፈሩ ንጹህ ቦታ የወጡትንም ለማነጻጸሪያ ጨመርኩ። ሁለቱንም 125 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ፣ ከወትሮው ከፍ ባለ ቮልቴጅ አሠራኋቸው። ሙቀትና ቮልቴጅ እርጅናን ያፋጥናሉ። ከመጥፎ ሰፈር የመጡት መውደቅ ጀመሩ፣ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጎረቤት የወደቀበት ቺፕ፣ ቢያልፍም ይጣላል። ለመኪና ፍሬን የሚሄድ ከሆነ ሕጉን እናጠብቃለን፣ ለመጫወቻ ከሆነ እናላላለን።

ጉድለት ሁሉ ግን አይጣልም። ቺፕ አምራቹ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2008 ፌኖም ከተባለው ባለ አራት ኮር (የስሌት ክፍል) የኮምፒውተር ቺፑ አንዱን ኮር ዘግቶ ባለ ሦስት ኮር አድርጎ ሸጧል፤ ሞቶ የተዘጋ ኮር ማንንም አይጎዳም። የሚያስፈራው እየቆየ የሚደክመው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንቴል ከሳንዲ ብሪጅ ፕሮሰሰሮቹ ጋር የሚሠራው አጋዥ ቺፕ (ቺፕሴት) የሳታ ወደቦች፣ ማለትም ሃርድ ዲስክ የሚገናኝባቸው፣ እያደር እንደሚደክሙ ሲደርስበት፣ ለጥገናና ለመተኪያ ብቻ 700 ሚሊዮን ዶላር ገምቶ ነበር። ስብሰባ ላይ «ለምን ደህናውን ትጥላላችሁ?» ሲሉኝ ይህንን እጠቅሳለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ክርክሩን ያበረደው የእኔ ሕግ አይደለም። የፋብሪካው ልጆች ጠርዙን የሚያጥበውን ማሽን አስተካከሉ። ቀዩ ሲቀንስ በሕጉ የሚጣለውም አብሮ ቀነሰ፤ ምንጩ ለካ አንድ ነበር።