ሰማንያ ስንት በመቶ?

ስለ ኑክሌር ፊዚክስ ሙከራ ሲወራ ሰው የሚያነሳው ግዙፉን ማፋጠኛና የመጨረሻውን ውጤት ነው። እኔን ግን ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳችኝ መሀል ላይ ገብታ ውጤቱን የምትወስን አንዲት ቁጥር ናት፦ የኤሌክትሮን ጨረሩ ፖላራይዜሽን።

ኤሌክትሮን ስፒን አለው፣ አቅጣጫ ያላት ትንሽ ቀስት አድርጋችሁ አስቡት። ስፒኑ ወደሚጓዝበት ካመለከተ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ካመለከተ ግራ እንበለው። አንዱ ወገን ሲበዛ ጨረሩ ፖላራይዝድ ሆነ ይባላል። ከ100 ኤሌክትሮን 90ው ቀኝ፣ 10ሩ ግራ ቢሆኑ ፖላራይዜሽኑ 80 በመቶ ነው። 90 አይደለም! እኔም መጀመሪያ ላይ እዚችው ጋ ተሸውጃለሁ።

ቨርጂኒያ ያለው ጀፈርሰን ላብ ኤሌክትሮኖቹን የሚያገኘው ጋሊየም አርሴናይድ ላይ ሌዘር እያበራ ነው። የሌዘሩ ብርሃን የሚዞርበት አቅጣጫ ሲገለበጥ ስፒኑም ይገለበጣል፣ ይሄ ደግሞ በሰከንድ መቶዎች ጊዜ ይደረጋል። ከዚያ ኢላማውን መትተው የሚበተኑት ኤሌክትሮኖች በቀኙና በግራው መካከል ስንት ልዩነት አሳዩ ተብሎ ይቆጠራል። እዚያው ላብ ፕሮቶን ላይ በተሠራው ኪውዊክ በተባለው ሙከራ የመጨረሻው ልዩነት ከቢሊዮን 227 ገደማ ብቻ ነበር። እዚያ ለመድረስ የተቆጠረው ልዩነት ለፖላራይዜሽኑ መካፈል አለበት። ስለዚህ ፖላራይዜሽኑን 1 በመቶ ከሳትክ ውጤትህም 1 በመቶ ይስታል፣ ዓመት ሙሉ ብትቆጥር አያድንህም።

እንዴት ይለካል? አንዱ ዘዴ ሞለር ነው። ጨረሩ በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ የተቀመጠ ስስ የብረት ፎይል ላይ ይለቀቅና የጨረሩ ኤሌክትሮኖች ከብረቱ ኤሌክትሮኖች ጋር ይጋጫሉ፣ የግጭቱ ብዛትም የሁለቱ ስፒን ሲገጥምና ሲቃረን ይለያያል። ችግሩ አንድ የብረት አተም ካሉት 26 ኤሌክትሮኖች ስፒናቸው የሚሰለፍለት ሁለት ገደማ ብቻ መሆናቸው ነው። ፎይሉ ሲሞቅ ደግሞ ማግኔትነቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጨረሩን በጣም ቀንሰህ፣ ዋናውን ሙከራ አቁመህ ትለካለህ። ታዲያ በትንሹ ጨረር ያገኘኸው ቁጥር በትልቁም ያው ነው ያለው ማነው?

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ዘዴ፣ ኮምፕተን፣ የሚመጣው። ጨረሩ በሌዘር ብርሃን መሀል ያልፋል፣ ከብርሃኑ ጋር የሚጋጩት ኤሌክትሮኖች እፍኝ አይሞሉም፣ የቀሩት ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሙከራው ይቀጥላሉ። ሙከራው እየሮጠ፣ በሙሉ ጨረር ትለካለህ ማለት ነው። ብርሃኑ እንዲበቃ አረንጓዴውን ሌዘር በሁለት መስታወቶች መሀል እያመላለሱ ኃይሉን ከኪሎዋት በላይ ያደርሱታል።

ግን የሌዘሩ የራሱ ፖላራይዜሽን፣ ማለትም ብርሃኑ የሚዞርበት ሁኔታስ? እሱ ካልታወቀ የኤሌክትሮኑም አይታወቅም። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ብርሃኑ ጨረሩ ወዳለበት አየር አልባ ቱቦ (ቫክዩሙ) የሚገባው በመስኮት ነው። መስኮቱ በብሎን ተጠብቆ አየሩ ሲሳብ ብርጭቆው ይጨነቃል፣ የተጨነቀ ብርጭቆ ደግሞ የሚያልፍበትን ብርሃን ፖላራይዜሽን ያዛባል። ከመስኮቱ በፊት የለካኸው ውስጥ ያለው አይደለም፣ ውስጥ ደግሞ መለኪያ አታስገባም። መላው ምን መሰላችሁ? ከመጀመሪያው መስታወት ነጥሮ በመጣበት መንገድ የሚመለሰውን ብርሃን መከታተል። መስታወቱ ጋ የደረሰው ብርሃን ፍጹም ክብ ሆኖ ከዞረ፣ ተመልሶ ሲመጣ ከገባበት አቅጣጫ 90 ዲግሪ ዞሮ ይወጣና መግቢያው ላይ ያለው ማጣሪያ (ፖላራይዘሩ) ያግደዋል። እንግዲህ አልፎ የሚመጣው ብርሃን እስኪጠፋ ድረስ መግቢያው ላይ ያሉትን ኦፕቲክሶች ማስተካከል ነው፣ መስኮቱ ያመጣው ችግር በዚያው ይካካሳል። ቀላልነቱ ያናድዳል።

እዚያው ላብ በካልሲየም 48 ላይ የተሠራው ክሬክስ የተባለ ሙከራ በኮምፕተን ስህተቱን ወደ 0.36 በመቶ አውርዶታል። እኔ ግን ከአንድ ጎበዝ መለኪያ ይልቅ የማይመሳሰሉ ሁለቱ ሲስማሙ ነው ልቤ የሚያርፈው። ብረት የሚሳሳትበትና ብርሃን የሚሳሳትበት ምክንያት ለየቅል ነዋ። በዚያው ላብ እየተዘጋጀ ያለው ቀጣዩ ትልቅ ሙከራም 0.4 በመቶ አካባቢ ይፈልጋል፣ በሁለቱም ዘዴዎች። የሙከራው ስም ደግሞ ራሱ ሞለር ነው። ሞለርን በሞለር ሊለኩ ነው፣ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት መልካም ዕድል።